የመድረኩ ወሎና የመርሳዋ አያት

እናቴ ቴሌቪዥን ስታይ ብዙ አትናገርም። ባለፈው ፋሲካ ወልድያ እህቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ ግን ተናገረች። የበዓሉ ዝግጅት ወደ ወሎ ጭፈራ ተሸጋግሮ ነበር። ስድስት ሴቶችና ስድስት ወንዶች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥልፍ የለበሱ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ካሜራው ያዞሩ። የአሥራ አራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከሶፋው ብድግ ብላ ስክሪኑ ፊት ቆመች። አንድም እንቅስቃሴ አላመለጣትም። አንገታቸው ሲዞር አንገቷ ይዞራል፣ ትከሻቸው ሲመታ ትከሻዋ ይመታል፣ በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ፈገግ ሲሉ እሷም እጇን ዘርግታ ፈገግ አለች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። በዋዜማው ከመርሳ የመጣችው እናቴም አጨበጨበችና፣

«ጎበዝ የኔ ልጅ፣ አንጀቴን አራስሽው! የየት አገር ጭፈራ ነው ግን?» አለች።

እኛ ሳቅን። ልጅቷ አልሳቀችም።

«እማማ፣ የወሎ ነው እኮ!»

«ነው እንዴ?»

ሌላ ምንም አላለችም፤ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። ከመርሳ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቴ ተወልዳ ያደገችው፣ ተድራ የወለደችው ሀብሩ ነው። ወልድያ ዋና ከተማው በነበረበት በቀድሞው የየጁ አውራጃ በዳሩም በዓመት በዓሉም ስትጨፍር ኖራለች። መጀመሪያ ያሾፈች መስሎኝ ነበር። ማታ ብቻችንን ስንሆን ስጠይቃት ግን የምሯን ነበር። የጎደለውን ልትነግረኝ ሞከረች፣ ቃል አጣችለት። በመጨረሻ፣ «ሰው ሰውን አያይም፤ ሁሉም የሚያየው አንድ ወገን ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እኛ «የወሎ ጭፈራ» ስንል ከአፈር የበቀለ ይመስለናል። ቴሌቪዥን ላይ ያየነውን ግን ቁጭ ብሎ ያሰበውና የሠራው ሰው አለ። ማን ከማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ትከሻው ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ ወንዶቹ በየት በኩል እንደሚዞሩ የወሰነ ሰው። ውጭ አገር ኮሪዮግራፈር ይሉታል፤ እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «የውዝዋዜ አሰልጣኝ» ነው። ድምፃዊውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የዜማውና የግጥሙ ደራሲም ይጠራል፤ የአሰልጣኙ ስም ግን በደቃቅ ፊደል ሮጦ ያልፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም። ልጆቻችን «ባህላችን» ብለው የሚይዙትን ነገር የሚወስነው ግን በአብዛኛው እሱ ነው።

ዳስ ውስጥ ጭፈራ ክብ ነው። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ አጨብጫቢው ራሱ ቅርጫት የሚያህል ቦታ ትቶ ይከባል፤ ወደዚያች ቦታ አንዷ ትገባለች፣ ሌላዋ ትከተላታለች፣ ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። አንዷ ስትደክም ሌላ ሰው ይተካል። ተመልካች የሚባል የለም፤ ያላጨበጨበ ይወቀሳል። መድረክ ግን አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው። ቲኬት የገዛው ሰው ከፊት ተቀምጧል፣ ካሜራውም ከፊት ቆሟል። ስለዚህ አሰልጣኙ ክቡን ይቆርጠውና እንደ መቀነት ይዘረጋዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄደውን ጭፈራ አራት ደቂቃ ያደርገዋል። ዳስ ውስጥ የየሰዉ ትከሻ የየራሱ ነው፤ የአንዷ ፈጣን፣ የአንዷ ልስልስ። መድረክ ላይ አሥራ ሁለቱ ትከሻ አንድ ካልሆነ ልምምዱ አልተሳካም ማለት ነው።

ይህን የምለው ልወቅስ አይደለም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ የወሎን፣ የጉራጌን፣ የወላይታን ጭፈራ ከየት ያየው ነበር? አገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤትም በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የየአገሩ ዘፈንና ጭፈራ ጣሪያና መጋረጃ አገኘ። ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ደግሞ ልብ ወለድ ይመስላል። ግብፅ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ፣ የዘመናዊ ውዝዋዜ እናት ለምትባለው ለማርታ ግራም እ.ኤ.አ. በ1958 የታየውን «ክላይተምኔስትራ» የተሰኘውን ትልቅ ሥራ ሙዚቃ የደረሰው ሰው፣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ በየአገራቸው ለየብቻቸው ይኖሩ የነበሩ፣ በአንድ መድረክ ተቀመጡ።

ያንን ቡድን በኋላ የመራው ተስፋዬ ለማ ነው። ዜማ ይደርሳል፣ ጭፈራ ያቀናብራል፣ የባህል መሣሪያዎችን ከየቦታው ይሰበስባል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ዞረ፤ በዚያ ዘመን አሜሪካዊ ቤተሰብ ሁሉ እሑድ ማታ ይመለከተው በነበረው የኤድ ሱሊቫን ትርኢት ላይም ቀረበ። ተስፋዬ ኋላ ወደዚያው አገር ሄዶ በዋሽንግተን የኢትዮጵያን ጥበብ ሲያስተምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2013 አረፈ። ለአሜሪካ ተመልካች አንድን አገር በአንድ ምሽት ማሳየት ያለበት ሰው ምን ዓይነት ምርጫ እንደሚገጥመው አስቡት። ከእያንዳንዱ አገር አንድ ቁራጭ፣ አጭርና ደማቅ። የዛሬው የበዓል ቴሌቪዥንም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።

ወደ እኛ ቀዬ ስንመጣ ነገሩን የወሰነው ኪነት ነው። በደርግ ዘመን ክፍላተ ሀገር የየራሳቸው የኪነት ቡድን ነበራቸው፤ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ወሎ ደግሞ ደሴ ላይ ላሊበላ። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፅ የወጣችው ከዚያ ከላሊበላ ኪነት ነው። እንግዲህ የያኔው ወሎ ከወረኢሉ እስከ ኮረም፣ ከላስታ እስከ ባቲ የሚደርስ ሰፊ አገር ነበር። አምባሰል ሌላ፣ የጁ ሌላ፣ ራያ ሌላ፣ ዋግ ሌላ። መድረኩ የሚፈልገው ግን አንድ ወሎ ነው። ደሴ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ የተሰበሰቡ ወጣቶች ከየቀዬአቸው ያመጡትን ጭፈራ አንድ ሰው ሰማ፣ አየ፣ መረጠ፣ ቀነሰ፣ አስተካከለ። «ወሎ» የምንለው ትርኢት በብዛት ከዚያ ክፍል የወጣ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳስብ አፌን ያስይዘኛል። በ1977 ዓ.ም. ዓለም ወሎን ያወቀው በኮረም ሜዳ ላይ በተኮራመቱ ሰዎች ምስል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ የኪነት ጓድ አውሮፓንና አሜሪካን እየዞረ ለእርዳታው ምስጋና አቀረበ፤ የየክፍለ ሀገሩ ጭፈራ በየተራ መድረክ ወጣ። ያን ጊዜ መድረክ ላይ የቆመ የወሎ ተወዛዋዥ ፈገግ ከማለት በቀር ምን ምርጫ ነበረው? ያ ፈገግታ «አለን» ማለት ነው። የእህቴ ልጅ በጭፈራው መጨረሻ እጇን ዘርግታ ያሳየችው ፈገግታ የመጣው ምናልባት ከዚያ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ሩሲያዊው ኢጎር ሞይሴዬቭ ከቦልሾይ የባሌት ቤት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1937 የሶቪየት ሕዝቦችን ጭፈራ በባሌት ሥርዓት አሰለፈ። በሜክሲኮ አማሊያ ኤርናንዴዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ተመሳሳዩን አደረገች። ጊኒ እ.ኤ.አ. በ1958 ነፃ ስትወጣ የኬይታ ፎዴባን ቡድን የአገር ቡድን አደረገችው፤ ስሙም «የአፍሪካ ባሌት» ነው። ለእኔ የሚቀርበኝ ግን የግብፁ ማህሙድ ሬዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ አገሩን ወክሎ የተወዳደረ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ነበር። በ1959 ከወንድሙና ከፋሪዳ ፋህሚ ጋር ቡድን መሠረተ። የላይኛውን ግብፅ የዱላ ጨዋታ፣ የኑቢያን ጭፈራ፣ የባሕር ዳርቻውን ሰው አካሄድ ፍለጋ አገሩን ዞረ፤ ተመልሶም የራሱን ሠራ። ያየሁትን እንዳለ ቀድቼ አመጣሁ አላለም፤ ካየሁት ተነስቼ ለመድረክ ሠራሁ ነው ያለው። ኋላ በየአውራጃው የተቋቋሙ ቡድኖች ግን የሬዳን ሥራ እንደ ምንጭ ወሰዱት። ቅጂው ከምንጩ ቀድሞ ገጠር ገባ። ወልድያ ሳሎን ውስጥ ያየሁት ይኸው ነው።

ከዚህ ለየት ያለ መንገድ አዲስ አበባ ላይ ታይቷል። እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 መጥቶ አንድ መቶ ከሚሆኑ የጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን ሠራ። ያ ሥራ እዚያው አልቀረም፤ ከልጆቹ መካከል አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ወጣ፣ ለዓመታትም ሠለጠነ። ማልዱም እስክስታ ላስተምራችሁ አላለም፣ አያውቀውምም። ያስተማራቸው ራሳቸው ሠሪ እንዲሆኑ ነው። ከነሱ አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የጥበብ መርሃ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ፤ ከአዲሱ ደምሴ ጋርም ዴስቲኖ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። በአንድ ወቅት ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ልጆች ለሌሎች ልጆች አሰልጣኝ ሆኑ። አንድ አሰልጣኝ ትቶት ከሚሄደው ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህንን ነው፤ ሌላ አሰልጣኝ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። እህቴ የልጅቷ ጭፈራ የሚያሳስባት በሌላ በኩል ነው። «የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶ እሷ ትከሻዋን ትሰብቃለች» ትላለች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አዝማሪ ልትሆን ነው እንዴ?» ትለኛለች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ሠርግ ላይ ከማንም በላይ የምትጨፍር እህቴ! ልጆቻችን ሲጨፍሩ በስልካችን እንቀርጻቸዋለን፣ ለዘመድ እንልካለን፤ «ሥራዬ ላድርገው» ቢሉ ግን ቤቱ ይታመሳል። እንዲህ ስንንቀው የኖርነውን ሙያ ባለቤቱ ሳይማር፣ ሳይጠይቅ፣ ገጠር ወርዶ ሳያይ ከቴሌቪዥን እየቀዳ ቢያስተምረው ልንደነቅ አይገባም። ለሒሳብ አስጠኚ የምንከፍለውን ያህል ለውዝዋዜ አሰልጣኝ የከፈለ ወላጅ እጁን ያውጣ።

ልጅቷ የትምህርት ቤቷ የኪነት ክበብ አባል ናት፤ ለወላጆች ቀን የወሎ ጭፈራ እየተለማመዱ ነበር። አሰልጣኙ ወጣት ነው፤ በትርፍ ጊዜው ነው የሚያሠለጥናቸው። የእናቴን ነገር ስነግረው ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን «እሑድ መርሳ መሄድ እንችላለን?» አለኝ። አምስት ልጆች፣ እሱ፣ እኔና እህቴ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፈን ወረድን። እህቴ የሒሳብ መጽሐፍ ይዛ ነበር፣ «መንገድ ላይ ታነባለች» ብላ። አልተነበበም።

እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ከበሮ ስላልተገኘ ጎረቤቷ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች፤ በመንዙማና በወዳጃ የተሟሸ እጅ ስለሆነ ጀሪካኑ ከበሮ ሆነ። አሰልጣኙ ልጆቹን አሰለፈና «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» ብሎ ሊያስጀምር ሲል እናቴ አቋረጠችው።

«ምን ትቆጥራለህ ልጄ? ብር ነው?»

«እማማ፣ እኩል እንዲገቡ ነው።»

«ለምን እኩል ይገባሉ?»

መልስ አልነበረውም። ከዚያ ክብ አደረገቻቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አላስጨፈረቻቸውም፤ ማጨብጨብና መቀበል ብቻ። ልጆቹ ተቁነጠነጡ። አንዷ ትከሻዋን ልትጀምር ስትል፣ «ተይው፣ ትከሻ እንግዳ ነው፤ ሲጠሩት ይመጣል» አለቻት። ጎረቤቷ ምቱን ቀይራ ጀሪካኑን ጠበቅ ስታደርገው የእህቴ ልጅ ትከሻ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ። ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነበር።

«እማማ፣ እንዲህ ክብ ከሠሩ እኮ ወላጆች የሚያዩት ጀርባ ነው» አለ አሰልጣኙ። እውነቱን ነው።

«አብሽር፣ ጀርባም ይጨፍራል።»

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ አያት አሸንፋ የሚያልቅ ይመስላል። አላለቀም። ልጁ የራሱን ሊያሳያት ተነሳ። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ደረቱን ወደ ፊት የሚሰብቅበት አንድ እንቅስቃሴ አለው። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ይህን ማን አሳየህ?»

«አሰልጣኜ።»

«እሱንስ?»

«ኪነት ውስጥ ነበር መሰለኝ፣ ደሴ።»

እናቴ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ይህ የእናቷ መሆኑን ነገረችን፤ ሴት አያቴ እንዲህ ትጨፍር እንደነበር፣ እሷ ግን ካገባች ወዲህ አይታው እንደማታውቅ፣ ጭራሽ እንደረሳችው። መርሳ ላይ ጠፍቷል። አንድ ጊዜ አንዲት የሀብሩ ልጅ ይዛው ደሴ ሄዳ ይሆናል፣ አንድ አሰልጣኝ ወዶት በትርኢቱ ውስጥ አስቀርቶታል፣ ከእጅ እጅ ሲሄድ ቆይቶ እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። «ድገመው እስቲ» አለችው። ሦስት ጊዜ አስደገመችው። በሦስተኛው እሷም ተነሳች፤ ጉልበቷ እንደ ድሮው አልታጠፈም፣ ደረቷ ግን አልረሳም።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ በስልኳ ትቀርጽ ነበር። ስትመለስ መኪና ውስጥ ለአሰልጣኙ፣ «ለመሆኑ ይህን የሚያስተምር ትልቅ ትምህርት ቤት የት ነው ያለው?» ስትለው ሰማሁ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ወላጆች ቀን ደረሰ። ልጆቹ በግማሽ ክብ ቆሙ፤ አሰልጣኙና እናቴ የተስማሙበት ይኸው ነበር። ግማሹ ለወላጆች፣ ግማሹ ለራሳቸው። አራት ደቂቃ የተያዘለት ዝግጅት ሰባት ሊሆን ነው ተብሎ የመድረክ መሪዋ አስቀድማ ተኮሳትራለች። ጭብጨባው ተጀመረ፣ ቅብብሉ ተጀመረ፣ ማንም አልጨፈረም። አንድ አባት ከኋላዬ «ድምፅ ማጉያው ተበላሸ እንዴ?» አሉ። የመድረክ መሪዋ ሰዓቷን አሳየች። የእህቴ ልጅ ከጓደኛዋ ፊት ለፊት ቆማ ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠብቃለች። ከፊት ረድፍ የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች።

ከበሮው ምቱን ቀየረ።